ኦቨርሎክ ለልብስ ብቻ ነው ያለው ማነው? የቤት ሥራዎች ከነቁጥራቸው

የከዚራዋ፣ ድሬዳዋ
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ጋ ያለው ባለ አራት ክር የቤት ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ በቢላ እየላጨ የሚዘመዝም መኪና) ነው፤ ሁለት መርፌ፣ ዲፈረንሻል (የፊትና የኋላ ጥርሶቹን ፍጥነት የሚያለያይ ማስተካከያ) ያለው፣ ጠርዝም የሚጠቀልል። አብዛኛው ሰው የቀሚስ ጎን ይዘመዝምበትና ጨርቅ አልብሶ ጥግ ያቆመዋል። ከልብስ ውጭ ለቤት ምን ምን ይሠራል? «ብዙ ነገር ይሠራል» የሚለውን እናውቀዋለን፣ ቁጥሩን አምጡ፦ የትኛው መርፌ ይውጣ፣ የስፌቱ ርዝመት ስንት ይሁን፣ ምን ይበላሻል፣ ለምንስ ይበላሻል። በተለይ የገበታ ናፕኪን፣ ስስ መጋረጃ፣ የመጅሊስ ትራስና የመሶብ ልብስ።

ሸዋበር_ስፌት፣ ሐረር
እህቴ፣ በናፕኪን ጀምሪ። ኦቨርሎክ ከልብስ ውጭ የሚያኮራው ጠርዝ ሲጠቀልል ነው።

የግራውን መርፌ አውጪ። ብሎኑን ግን መልሰሽ አጥብቂው፤ ላልቶ ከተተወ በንዝረት ይወልቅና ማሽኑ ሆድ ውስጥ ይገባል። የቀኙ መርፌ ለፖፕሊን 75 ቁጥር፣ ለአቡጀዲ 80 ይሁን። ከመርፌው ጎን ክሩ የሚጠመጠምባት ቀጭን የብረት ምላስ አለች፤ እሷን ወደ ኋላ መልሻት። በብዙ የቤት ማሽን ላይ «አር» ወደሚለው ምልክት የሚገፋ ቁልፍ አላት። ምላሷ ካልተመለሰች ጨርቁ መጠቅለያ ቦታ አያገኝም፤ ውጥረቱን የፈለግሽውን ያህል ብታዞሪው ለውጥ የለም።

ቁጥሩ ይኸውልሽ (ሉፐር ያልኩሽ ክሩን በጠርዙ ዙሪያ የሚያዞረው የማሽኑ ክንድ ነው)፦ የክር ውጥረት መርፌ 4፣ የላይ ሉፐር 4፣ የታች ሉፐር 7፣ የስፌት ርዝመት ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር። ማሽን ከማሽን ስለሚለያይ ይኼ መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። የታች ሉፐሩ የሚጠብቀው የላዩን ክር በጠርዙ ዙሪያ ስቦ ወደ ኋላ እንዲያዞረው ነው፤ ክሩ ሲዞር ጨርቁንም ይዞት ይጠቀለላል። ትክክል መሆኑን ለማወቅ ጨርቁን ገልብጪና ጀርባውን እዪ። የታች ሉፐሩ ክር መርፌው ሥር እንደ ቀጭን ቀጥ ያለ መስመር ከታየ ደርሰሻል። የላዩ ክር መንገድ ላይ ቀርቶ ዚግዛግ የመሰለ ነገር ካየሽ የታቹን በግማሽ ቁጥር አጥብቂ። ጨርቁ ከተኮማተረ ግን ጥፋቱ የመርፌው ክር ነው፤ እሱን አላሊው።

ልኩ፦ 150 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው 1 ሜትር ጨርቅ 48 በ48 የሆኑ 6 ናፕኪኖች ይወጡታል፤ በስፋቱ ሦስት፣ በርዝመቱ ሁለት። 50 በ50 ብለሽ አትቁረጪ፤ የጣቃው ዳር ጠንካራ ስለሆነ አይጠቀለልም፣ መጣል አለበት። አቡጀዲ ደግሞ ሳይታጠብና ሳይተኮስ አይቆረጥም። ካልታጠበ፣ ኋላ ታጥቦ ሲያጥር የጠርዙ ክር ፖሊስተር ስለሆነ አብሮት አያጥርም፤ ጠርዙ ይወዛወዛል።

ማዕዘኑን ለመዞር አትሞክሪ። አንዱን ጎን ሰፍተሽ እስከ መጨረሻው ውጪ፣ 10 ሴንቲ የሚሆን የሰንሰለት ጭራ ትተሽ ቁረጪ፣ ቀጣዩን ጎን በላዩ ላይ ስፊው። አራቱ ጭራዎች ትልቅ ዓይን ባለው የእጅ መርፌ ወደ ኋላ፣ በስፌቱ ሥር ለሥር 3 ሴንቲ ያህል ይገቡና ትርፉ ይቆረጣል።

ደቻቱ
አቦ ለስድስት ናፕኪን ሃያ አራት ጭራ በመርፌ ማስገባት ልብ ያደርቃል። ጫፉን በላይተር ነካ ማድረግ አይበቃም?

ሸዋበር_ስፌት፣ ሐረር
ለመጋረጃ ምንም አይደለም። ናፕኪን ግን አፍ የሚነካ ነገር ነው፤ የቀለጠ ፖሊስተር ጠንካራ ፍሬ ይሆንና ይቧጥጣል። ጨርቁ ጥጥ ከሆነ ደግሞ አይቀልጥም፣ ይነዳል፤ ማዕዘኑ ላይ ቡናማ ምልክት ይቀራል። ሙጫም ከጥቂት እጥበት በኋላ ሊቢጫ ይችላል። መርፌው ይሻላል።

እሙ_ሐናን፣ ድሬዳዋ
የእኔ አንድ መርፌና ሦስት ክር ያለው ትንሹ የቻይና ኦቨርሎክ ነው። ምላስ የሚመልስ ቁልፍ አላገኘሁበትም።

የድሮ_ቢላ፣ ሐረር
የለውም፣ አትፈልጊ። በሱ ዓይነት ላይ ምላሷ ከመርፌ ሳህኑ ጋር አንድ ናት። ጠቅላይ ለማድረግ የመርፌ ሳህኑና እግሩ ይቀየራሉ፤ ሁለቱ በጥንድ ነው የሚገዙት፣ ሳህን ብቻ ይዞ መመለስ ዋጋ የለውም። መኪና ግርግር በሚባለው የሐረር የሰፊዎች ጎዳና ካሉት ሰፊዎች ወይም ማሽን ከሚጠግን ሰው ጋር ማሽኑን ራሱን ወስደሽ አስለኪ፤ በስም ብቻ የተገዛ ሳህን ብሎን ቀዳዳው ሳይገጥም ይቀራል።

እስከዚያው ጠርዙን በ2 ሚሊ ሜትር ርዝመት ዘምዝመሽ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ውስጥ አጥፈሽ፣ በተራ መኪና ቀጥ ባለ ስፌት ቀምቅሚው። ሁለቴ ከሚታጠፍ ቅምቅማት ይልቅ ይሳሳል፣ ከካውያ በኋላም መስመሩ ወደ ላይ አይወጣም። ለጠረጴዛ ልብስ ከተጠቀለለው ይልቅ እኔ ይኼኛውን ነው የማምነው። የተጠቀለለ ጠርዝ ቀላል ስለሆነ ከባድ ጨርቅ ላይ ሲንጠለጠል ይገለበጣል።

ጀጎል_ዳር፣ ሐረር
ስለ ስስ መጋረጃና ስለ ሺፎን ሻሽ ልጨምር። ሰው ሁሉ የሚያማርረው በሁለት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ከተጠቀለለው ጠርዝ ውስጥ የጨርቁ ክሮች እንደ ጢም ብቅ ብቅ ይላሉ። ያ የሚሆነው የጨርቁ ሽመና ሳሳ ሲልና ቢላው ትንሽ ብቻ ጨርቅ ሲያስገባ ነው፤ የድርና የማግ ጫፎቹ ከመታጠፍ ይልቅ ቀጥ ብለው በክሩ መሃል ይወጣሉ። የመቁረጫ ስፋቱን በትንሹ ጨምሩ፣ መጠቅለያው የሚይዘው ጨርቅ ይብዛለት። ካልጠፋ የላይ ሉፐሩን ክር በተነፋፋው ናይለን ቀይሩት፤ ሲለቀቅ ያብጥና ክፍተቱን ይሸፍናል። ግን የጋለ ካውያ አይወድም፣ ይቀልጣል። የድሬ ፀሐይ ከሚመታው መስኮት ላይም አይደረግም፤ ናይለን በፀሐይ ይደክማል። ለመጋረጃ ፖሊስተር ነው።

ሁለተኛ፣ ጠርዙ በሙሉ እንደ ክር ተላቅቆ በእጅ ይመጣል። እዚህ ላይ ስፌቱ አጥሯል ማለት ነው። ከ1 ሚሊ በታች ሲሆን መርፌው ጨርቁን በቀዳዳ መስመር ይቆርጠዋል። ለሺፎን 1.5፣ አንዳንዴም 2 አድርጉት፤ መርፌውም 70 ቁጥር፣ አዲስ። ያረጀ መርፌ ስስ ጨርቅ ላይ ክር ይስባል።

ስስ ጨርቅ ከተኮማተረ ዲፈረንሻሉን ወደ 0.7 ወይም 0.8 አውርዱት። ጥርሶቹ ጨርቁን ወጠር አድርገው ስለሚያሳልፉት ይዘረጋል። ለመጋረጃ ስፋት የዘንጉን አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ቁረጡ፤ ከዚያ በታች ከሆነ ሲዘጋ እንደ አንሶላ ይወጠራል። የጎን ዳሩ የጣቃው ዳር ከሆነ አትንኩት፣ ታቹን ብቻ ጠቅልሉ።

የከዚራዋ፣ ድሬዳዋ
ጀጎል ዳር ተባረክ/ተባረኪ። መጅሊሱስ? ከፋዩ ገና ሲቆረጥ ቤቱን በብናኝ ይሞላዋል።

የድሮ_ቢላ፣ ሐረር
ከፋይና የመጅሊስ ጃካርድ ላይ የኦቨርሎክ ሥራው የመጀመሪያው ነው፣ የመጨረሻው አይደለም። ሰው ገጣጥሞ ሰፍቶ ሲጨርስ ነው የሚዘመዝመው፤ እስከዚያ ድረስ ጃካርዱ ግማሽ ሴንቲ ተተርትሮ አልቋል፣ ልኩም ጠፍቷል። እንደተቆረጠ፣ ሌላ ነገር ሳይነካው፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው ዙሪያውን ዘምዝሙት። ሰፊ ባለ ሦስት ክር ይበቃል፤ የቀኙ መርፌ ይውጣ፣ የግራው 90 ቁጥር ይሁን፣ ርዝመት 3 ሚሊ። ቢላው ጨርቁን ሳይሆን የተንጠለጠለውን ክር ብቻ ይላጭ።

45 በ45 ለሆነ ትራስ፦ ፊት 47 በ47 አንድ፣ ጀርባ 47 በ32 ሁለት። የጀርባዎቹን አንድ አንድ ረጅም ጎን 3 ሴንቲ አጥፋችሁ ቀምቅሙ፤ 29 ይቀራል። ሁለቱ ሲደራረቡ 11 ሴንቲ ይተላለፋሉ፣ ዚፕ አያስፈልግም። ከ8 ሴንቲ በታች ከተላለፉ ሰው በተደገፈ ቁጥር ትራሱ አፉን ይከፍታል። ሦስቱን መልክ ለመልክ አጋጥሙና ዙሪያውን በተራ መኪና 1 ሴንቲ ገብታችሁ ስፉ።

ዙሪያውን በኦቨርሎክ ብቻ ገጥሞ መጨረስ ይቻላል የሚሉ አሉ። ለአልጋ ትራስ ይቻላል። ለመጅሊስ መደገፊያ ግን አይሆንም፤ ሰው በሙሉ ክብደቱ ይደገፈዋል፣ የኦቨርሎክ ስፌት ሲወጠር በመገጣጠሚያው ላይ ክሩ እንደ መሰላል ይታያል። ነደባ (በሐረሪ ቤት ውስጥ ከፍ ብሎ የተሠራ መቀመጫ) ላይ ለሚዘረጋ ረጅም ፍራሽ ልብስማ ጭራሽ አይታሰብም፤ እዚያ ሰው ይቀመጥበታል፣ በየሳምንቱም ወልቆ ይራገፋል።

ሌላው የከፋይ ጣጣ ሁለት ንብርብር ሲሆን የላዩ ይንሸራተታል። ጸጉሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛ፣ የእግሩን ጫና ቀንሱ፣ በእጅ ሸልሉት። ስፒል ከሰካችሁ ደግሞ ከቢላው ርቆ፣ ከጠርዙ ጋር ጎን ለጎን ይሁን። ስፒል የነካ ቢላ ጥርስ ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ጨርቅ ያኝካል እንጂ አይቆርጥም።

ሳቢያን_ማዶ፣ ድሬዳዋ
የመሶብ ልብስ ላይ የጥበብ ጥለት ማስገባት ፈልጌ ኦቨርሎክ ይሆናል ወይ ልል ነበር። የጥበቡ ዳር በጣም ይተረተራል።

ሸዋበር_ስፌት፣ ሐረር
ይሆናል፣ ያውም ከሁሉ የሚያምረው እሱ ነው። ጠፍጣፋ ስፌት ይባላል። ከመርፌዎቹ አንዱን አውጪ፣ የቀረውን የመርፌ ውጥረት ወደ 0 ወይም 1 አውርጂ፣ የታች ሉፐሩን ወደ 8 አጥብቂ፣ የላዩ 3 ይሁን። ሁለቱን ጨርቆች ጀርባ ለጀርባ አጋጥሚና ስትሰፊ ስፌቱ ግማሹ ጨርቅ ላይ ግማሹ አየር ላይ ይሁን። ከዚያ ሁለቱን ጨርቆች ወደ ግራና ቀኝ ሳቢያቸው፤ ጠርዞቹ ጎን ለጎን ይተኛሉ፣ ከላይ የሉፐሩ ክር ይታያል፣ ከታች መሰላል። ካልተዘረጋ የመርፌው ክር ገና ጠባብ ነው። ስፌቱ ሙሉ በሙሉ ጨርቅ ላይ ከሆነም አይዘረጋም፤ ብዙ ሰው ውጥረቱን እየነካካ የሚደክመው በዚህ ነው።

መልክ ለመልክ አጋጥመሽ ከሰፋሽ ደግሞ መሰላሉ ወደ ላይ ይመጣል። በመሰላሉ ውስጥ 3 ሚሊ ሜትር ሪባን ወይም ወርቃማ ገመድ በእጅ መርፌ ሁለት እየዘለልሽ አሳልፊ፤ ጥልፍ የማያውቅ ሰው እንኳ ያምርለታል።

የድሮ_ቢላ፣ ሐረር
በዚህ አልስማማም። ወይም ግማሹን ብቻ። ጥበብ በእጅ የተሸመነ ነው፣ የተቆረጠ ጠርዙ ጠፍጣፋ ስፌት አይሸከምም። አንድ ሁለቴ ከታጠበ በኋላ ከመሰላሉ ውስጥ ይወጣል። መጀመሪያ የጥበቡ ዳር በጠባብ ባለ ሦስት ክር ይዘምዘም፣ ከዚያ 7 ሚሊ ታጥፎ በካውያ ይተኛ፣ ጠፍጣፋው ስፌት በእጥፋቱ ላይ ይደረግ። ቢላውም ይነሳ ወይም ይዘጋ፤ የታጠፈ ጨርቅ ከነካ እጥፋቱን ይከፍተዋል። የሚያብረቀርቀው ክር ያለበት ጥበብ ከሆነ ደግሞ በመቀስ ቁረጡት፤ ቢላው እሱን ሲቆርጥ ቶሎ ይደነዝዛል።

ሸዋበር_ስፌት፣ ሐረር
ጋሼ ልክ ነዎት፣ ለጥበብ በእጥፋቱ ላይ ይሁን። የተቆረጠ ጠርዝ ላይ ያልኩት ለሹራብና ለቲሸርት ጨርቅ ይሠራል።

እሙ_ሐናን፣ ድሬዳዋ
ክብ የመሶብ ልብስስ? መስፋት የምጀምርበት ቦታ ሁልጊዜ ጉብ ይላል።

ጀጎል_ዳር፣ ሐረር
ከጠርዙ ስለምትጀምሪ ነው። ክቡን ስትቆርጪ 1 ሴንቲ ትርፍ ተዪለት። በአንዱ ቦታ ላይ ከዚያ ትርፍ 5 ሴንቲ ርዝመት ያለውን ቁራጭ በመቀስ አውጪ፤ መስኮት የመሰለ ክፍተት ይሆናል። እግሩን አንሺና በዚያ ክፍተት ውስጥ ጨርቁን አስገቢ፣ ጠርዙ ቢላው ጎን ይቀመጥ፣ መርፌው በትክክለኛው መስመር ላይ ይውረድ። ዓይንሽ መርፌው ላይ አይደለም፣ ቢላው ላይ ይሁን፤ ቢላው ትክክል ከሄደ መርፌው ይከተላል። ዞረሽ መጀመሪያው ስፌት ላይ ስትደርሺ ቢላውን አንሺ፣ 1 ሴንቲ ተደራርበሽ ስፊ፣ ከዚያ እግሩን አንስተሽ ጨርቁን ወደ ጀርባ ሳቢ። አጠፍ ብለሽ በጎን ከወጣሽ ቢላው የሠራሽውን ይቆርጠዋል።

እንጀራ ለሚሸፍን ጠፍጣፋ ልብስ የምጣዱን ስፋት ለኪና 4 ሴንቲ ጨምሪ፤ ዳሩ እንጀራው ላይ እንዲወርድ።

ደቻቱ
የአሮጌ ፎጣና ቲሸርት ነገር እንዳይረሳ። ፎጣ 30 በ30 ቆርጦ ማዕዘኑን በቡና ስኒ ክብ አድርጎ፣ በሰፊ ባለ ሦስት ክር 2.5 ሚሊ ርዝመት ዙሪያውን አንዴ መዞር ነው፤ ማዕዘኑ ክብ ስለሆነ ማቆም የለም፣ ጭራውም አንድ ብቻ። ከሁለት ቲሸርት ንብርብር የሚሠራ የወጥ ቤት ጨርቅ ጠርዙ እንዳይወዛወዝ ዲፈረንሻል 1.5። ከቲሸርቱ ፊት ላይ የታተመውን ፕላስቲክ ግን አውጡት፣ ውኃ አይመጥጥም፣ መርፌም ያጣብቃል።

ከዚያ ውጭ ያለጨርቅ የሚሰፋው ሰንሰለት አለ። ማሽኑን በጠቅላዩ አስተካክላችሁ ጨርቅ ሳታስገቡ ብትነዱት ቀጭን ገመድ ይወጣል። ለፎጣ ማንጠልጠያ፣ ለቁልፍ ቀለበት፣ ለትራስ ማሰሪያ። ሦስቱን ጎንጉኑና ዳሩን ቋጥሩ።

ሳቢያን_ማዶ፣ ድሬዳዋ
የገበያ ቦርሳስ? ከአሸዋ ገበያ ድንችና ሽንኩርት የሚሸከም።

የድሮ_ቢላ፣ ሐረር
ወፍራም አቡጀዲ፣ 40 በ45 ሁለት። ጎንና ታቹን በባለ አራት ክር፣ ከዚያ በተራ መኪና ከኦቨርሎኩ 2 ሚሊ ገብታችሁ ድገሙት። እጀታው 6 ሴንቲ ስፋት በ60 ርዝመት፣ ለአራት ታጥፎ 1.5 ይሆናል፤ ከአፉ 4 ሴንቲ ወርዶ በአራት ማዕዘንና በመስቀል ይሰፋ። ቦርሳ የሚቀደደው ከጎኑ አይደለም፣ ከእጀታው ሥር ነው።

ጀጎል_ዳር፣ ሐረር
ለድሬ ሰዎች አንድ ነገር፦ ቬንትሌተሩን ከማሽኑ ጀርባ አታድርጉት። የኦቨርሎክ ክር ከኮኑ እስከ ላይኛው ዘንግ ድረስ ልቅ ነው፣ ነፋሱ ይወስደውና በአጠገቡ ያለ ኮን ወይም መቆሚያው ሥር ይጠመጠማል። ያኔ ውጥረቱ በድንገት ይጨምራል፣ ክር ይበጠሳል፣ ሰውም ቁጥሩን መነካካት ይጀምራል። ክር ያለምክንያት ከተበጠሰ መጀመሪያ የሚታየው ኮኑ ነው።

አቧራና የከፋይ ብናኝ ደግሞ በብሩሽ ወደ ውጭ ይጠረጋል፣ በአፍ አይነፋም፤ ሲነፋ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ከትንፋሽ እርጥበት ጋርም ይጣበቃል። መብራት ሲሄድ ማብሪያውን አጥፉት። እግር ፔዳሉ ላይ እንዳለ መብራት ቢመለስ ቢላና መርፌው ያለማስጠንቀቂያ ይነሳሉ።

የከዚራዋ፣ ድሬዳዋ
አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ክር ቀይሬ እንደገና ስጀምር የታች ሉፐሩ ክር ሁለት ሦስት ስፌት እንኳ ሳይሄድ ይበጠሳል። ውጥረቱን አላላሁት፣ ያው ነው።

ሸዋበር_ስፌት፣ ሐረር
ውጥረት አይደለም፣ ቅደም ተከተል ነው። የመርፌው ክር እንደገባ የታች ሉፐሩን ከሰካሽ የሉፐሩ ክር በመርፌው ክር ላይ ይተኛል፤ ሉፐሩ ሲወዛወዝ ይይዘውና ይበጥሰዋል። የመርፌዎቹን ክር ከዓይናቸው አውጪ። የላይ ሉፐር፣ ከዚያ የታች ሉፐር፣ መጨረሻ ላይ መርፌዎቹ። የእጅ ማዞሪያውን ወደ ራስሽ ሁለቴ አዙሪና ሰንሰለቱ ምላሷ ላይ መያዙን እዪ፣ ከዚያ ፔዳል።

በሚቀጥለው ክር ስትቀይሪ ደግሞ አታውጪው። አሮጌውን ከኮኑ አጠገብ ቁረጪ፣ አዲሱን ቋጥሪበት፣ ውጥረቶቹን ሁሉ 0 አድርገሽ አንድ በአንድ ሳቢ። የሉፐሮቹ ቋጠሮ ያልፋል። የመርፌው አያልፍም፤ ዓይኑ ጋ ሲደርስ ቆርጠሽ በእጅ ስኪው።

የከዚራዋ፣ ድሬዳዋ
ሠራ! ለስድስቱ ናፕኪን ስንት ክር ልግዛ?

የድሮ_ቢላ፣ ሐረር
ባለ ሦስት ክር ለ1 ሜትር ስፌት ወደ 14 ሜትር ክር ይበላል፣ ከዚያ ውስጥ አራት እጁ ከአምስቱ የሉፐሮቹ ነው። የአንድ ናፕኪን ዙሪያ 1.92 ሜትር ነው፣ ስድስቱ 11.5። ጠቅላይ ስፌት ጥቅጥቅ ስለሆነ እጥፍ አስቢው፤ ሁሉም ተደምሮ ወደ 320 ሜትር ይመጣል። ክሩን በብዛት የሚበሉትና መልኩን የሚወስኑት ሁለቱ የሉፐር ኮኖች አንድ ቀለም ይሁኑ፤ ለመርፌው በቤት ያለው ቀረብ ያለ ቀለም ይበቃል፣ አይታይም።